108 በመቶ የተከተበ ወረዳ

አንድ ወረዳ በዓመት 1,000 ሕፃናት እንዲከትብ ታቅዶለት ነበር እንበል። ጤና ጣቢያዎቹና ጤና ኬላዎቹ 1,080 መከተባቸውን ሪፖርት አደረጉ። ሽፋኑ 108 በመቶ ደረሰ። ከወረዳው ሕፃናት መካከል ከመቶ በመቶ በላይ ሊከተቡ ስለማይችሉ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር በግምገማ ላይ ሲቀርብ መጀመሪያ መነሳት ያለበት ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ነው።

መልሱ ብዙ ነው። ከአጎራባች ወረዳ መጥተው የሚከተቡ ሕፃናት አሉ። የተከተቡት የሚቆጠሩበት ቅጽ (ታሊ) ሲደመር የሚፈጠር ስህተት አለ። ዕቅድ ሞላ ለማለት የሚደረግ ጫናም አለ። ዋናው ችግር ግን ያ 1,000 የሚለው አካፋይ ራሱ ነው። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ወረዳዎች ስንት ሕፃን እንዳላቸው የሚገመተው ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቀበሌ ከተማ ሆነ፣ ስንት ወረዳ ለሁለት ተከፈለ፣ ስንት ሰው ተፈናቀለ!

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሌላ መንገድ ተከትሏል። መረጃ ሰብሳቢዎች 16,650 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠየቁ። የክትባት ካርድ ካለ ካርዱን አይተው መዘገቡ፣ ከሌለ የእናትየዋን ቃል ተቀበሉ። የማስታወስ ስህተት መኖሩ አይቀርም። ያም ሆኖ ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በዚያው ዘመን ከተቋማት ይመጣ ከነበረው ሪፖርት እጅግ ያነሰ ነው። ይህ 39 ደግሞ የአዲስ አበባን 89 እና የአፋርን 15 በአንድ ላይ ያጠቃልላል። በአማካዩ ብቻ ክትባት የሚያከፋፍል ባለሥልጣን አፋርን አያያትም።

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በዚህ ጥናት መረጃ ላይ በርካታ ጽሑፎች አሳትመዋል። መረጃው በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የተባለውን የስታቲስቲክስ ስሌት የሚሠራ ሶፍትዌርም በየላፕቶፑ አለ። ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መረጃ ላይ ሲደጋገም፣ በየወሩ ከየጤና ተቋሙ ዲኤችአይኤስ 2 ወደተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የሚገባው መረጃ ያለ በቂ መርማሪ ይቀራል። ቆላ ወርዳ ደጋ ወጥታ ቤት ለቤት የምትመዘግብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የለፋችበት መረጃ ተንትኖ የሚመልስላት ሰው ይገባታል።

ለዚህ የረቀቀ ስሌት አያስፈልግም። በጤናው ዘርፍ የሚታወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ ከወርሃዊው ሪፖርት 12 ቁጥሮችን በዕጣ መርጦ እያንዳንዱን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር። ሪፖርቱ 46 ብሎ መዝገቡ ላይ 31 ስም ብቻ ከተገኘ፣ ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ በዚያው ጠረጴዛ ላይ መነጋገር ይቻላል። የማስተርስ ተማሪዎች መመረቂያቸውን በዚህ ላይ ቢሠሩ፣ መምህራኖቻቸውም ውጤቱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ለመዝጋቢዋም ይዘው ቢሄዱ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ 70 በመቶ ብሎ እውነቱን የጻፈ ወረዳ 108 ካለው ጎረቤቱ ፊት ቆሞ መወቀስ የለበትም።