ልጁ አጭር ነው ወይስ ገና ነው?

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ማታ ከቶሮንቶ ስልክ ተደወለ። ልጄ ናት። ድምጿን ስሰማ ሰው የታመመ መስሎኝ ደነገጥኩ። «እማዬ፣ ልጁ ከቡድኑ ተቀነሰ» አለችኝ። የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ከ6 ዓመቱ ጀምሮ የበረዶ ሆኪ ይጫወታል። አሰልጣኙ የሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ «ጨዋታው ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ መጋጨት ስለሚፈቀድ ትልልቆቹን ይዘናል።» ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገረም።

ከዚያ ባሏ ስልኩን ተቀበላት። «እማማ፣ እርስዎ የሕክምና ሰው ነዎት፤ የሚያስረዝም ነገር የለም ወይ? እዚህ ሱቅ ውስጥ በቆርቆሮ የሚሸጥ ዱቄት አይቻለሁ» አለኝ። እኔም «ዱቄቱን አትግዛ፤ ለሳምንት ታገሰኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ውድ አንባቢያን፣ ይህቺ ጡረተኛ ነርስ ከክትባትና ከጡት ማጥባት ወጥታ ስለ በረዶ ጨዋታ መጻፍ ጀመረች ብላችሁ አትሳቁብኝ። ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናት ስመዝንና ስለካ «ልጄ ከጎረቤቴ ልጅ ያጠረው ለምንድን ነው?» ያላለችኝ እናት ጥቂት ናት። ልዩነቱ እዚያ ማዶ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቁት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ሲሳሳቱም ብዙ ገንዘብ ይከስራሉ።

ልጄን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ በጋቢዬ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ የብረት መቀመጫ ላይ ቁጭ እል ነበር። መጀመሪያ ጨዋታው የእኛን ገና መሰለኝ፤ ቆልማማ ዱላ አለ፣ ግፊያም አለ። በልጅነቴ ወንድሞቼ ከገና ጨዋታ ሲመለሱ ቁርጭምጭሚታቸውን በሙቅ ውኃ የማሸው እኔ ነበርኩ። የበረዶው ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው። እንደ ኳስ የሚመቱት ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው፣ ፓክ ይሉታል። ጫማው ስለት አለው፣ ዙሪያው በግድግዳ የታጠረ ነው። የልጅ ልጄ ከሁሉ ያንሳል፤ ግን ፓኩ ሁልጊዜ እሱ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ፓኩ ወዳለበት ሲሮጡ እሱ ወደሚመጣበት ይሄዳል። ይህንን ለማየት የሆኪ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ስለ ትልልቆቹ ላውራችሁ። በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ በበጋ 18 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይባላል። ሰባት ዙር አለው። በውድድሩ ደካማ የነበሩት ቡድኖች ቀድመው የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ። መልማዮቹ ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ ሲከታተሉ፣ ሲለኩ፣ ሲመዝኑ ይከርማሉ። ክርክራቸውም ሁሌ ያው ነው፦ ብልሃተኛውን ትንሽ ልጅ እንውሰድ ወይስ በጥሎ ማለፉ ጊዜ የማይገፋውን ግዙፍ?

እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫው ሞንትሪያል ውስጥ ተካሄደ፤ የመጀመሪያው ተራም የሞንትሪያል ቡድን ነበር። የመረጡት ዩራይ ስላፍኮቭስኪ የሚባል የስሎቫኪያ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ ቁመቱ ከ190 ሳንቲሜትር በላይ፣ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ነበር። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሰባት ጎል አግብቶ አገሩን ለነሐስ ሜዳሊያ ካበቁት አንዱ ነው። ይህንን ለመምረጥ መነጽር አያስፈልግም ትሉ ይሆናል።

እኔን የሳበኝ 62ኛው ነው። ሌን ሃትሰን ይባላል፣ አሜሪካዊ ተከላካይ ነው። በጨዋታ ብልሃቱ ማንም አይጠራጠረውም ነበር፤ ግን ቁመቱ ወደ 173 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ለተከላካይ ደግሞ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? አጥንቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ የቀረ መሆኑንና ገና እንደሚያድግ የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይዞ ቡድኖቹ ፊት ቀረበ! ይህንን ሳነብ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ሳቅሁ። እኛ ጤና ጣቢያ ለእናቶች በቃል የምንናገረውን እሱ በጽሑፍ ይዞት ሄደ።

ሆኖም ብዙዎቹ አላመኑትም። ሞንትሪያል ራሱ ከእሱ በፊት ሦስት ሌሎች ልጆችን ነበር የመረጠው። ሃትሰን ሁለት ዓመት በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ ወደ ቡድኑ ገባ። በመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ 60 ጎል የሚሆኑ ኳሶችን አመቻችቶ አቀበለ፤ ለጀማሪ ተከላካይ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛ ከሆነው ቁጥር ጋር እኩል ሆነ። በ2025 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። አሰልጣኙ ማርቲን ሴንት ሉዊስ መሆኑም ደስ ይላል። እሱም ቁመቱ 173 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ በወጣትነቱ በድራፍቱ ጭራሽ የመረጠው ቡድን አልነበረም፤ በኋላ ግን በ2004 ከታምፓ ቤይ ጋር የስታንሊ ዋንጫን ያነሳና በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ የተባለ ሰው ነው።

የአጥንት ዕድሜ የሚባለውን ነገር በዝርዝር ላስረዳ፤ የሙያዬ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። የግራ እጅና የእጅ አንጓ ራጅ ይነሳል። በልጅነት በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል አለ፤ በራጅ ላይ እንደ ክፍተት ይታያል። ሐኪሙ ያንን ከሌሎች ልጆች ጋር አስተያይቶ «ይህ ልጅ በልደት ቀኑ 14 ነው፣ በአጥንቱ ግን 12» ሊል ይችላል። ክፍተቱ ሲዘጋ ቁመት መጨመር ያበቃል። ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ በጣም የሚረዝሙት በ13 እና በ14 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ በዚያ አንድ ዓመት ዘጠኝ፣ አሥር ሳንቲሜትር ሊጨምሩ ይችላሉ። ግን አንዱ በ12 ይጀምራል፣ ሌላው በ15። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ጢም ያቀመቀመና ገና ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ ጎን ለጎን ብታዩ አንዱ ታማሚ አይደለም። ሰዓታቸው ተለያየ እንጂ።

የልደት ወርም አለ። በካናዳ የሆኪ የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። በጃንዋሪ የተወለደው ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው አንድ ዓመት ያህል እየበለጠ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። አንድ የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ይህንን አስተውለው በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በምርጥ ቡድኖች ውስጥ እንደሚበዙ አሳይተዋል። የእኛ ልጅ የተወለደው በኖቬምበር ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለትንንሾቹ ጥብቅና መቆም መሰለ። አማቼ ግን የዋዛ ተከራካሪ አይደለም። የቶሮንቶ ቡድን ደጋፊ ነው፤ ደጋፊዎቹን እግዚአብሔር ያጽናናቸውና ቡድኑ ዋንጫ ያነሳው ለመጨረሻ ጊዜ በ1967 ነው። በ2004 አንድ የጥሎ ማለፍ ዙር ካሸነፈ በኋላ እስከ 2023 ድረስ አንድም ዙር አላለፈም። «በመደበኛው ውድድር ይደንሳሉ፤ ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ይገፈተራሉ» ይላል። እውነቱን ነው። በጥሎ ማለፉ ከአንድ ቡድን ጋር እስከ ሰባት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ዋንጫ ለማንሳት 16 ጊዜ ማሸነፍ አለባቸው፤ ዳኞቹም ፊሽካቸውን ይቆጥባሉ የሚል ቅሬታ በየዓመቱ ይሰማል። ድካሙና ግጭቱ ይጠራቀማል።

ታምፓ ቤይን እንይ። በ2019 በመደበኛው ውድድር 62 ጊዜ አሸንፎ፣ በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር በኮሎምበስ አራት ለዜሮ ተባረረ። አመራሮቹ ባለ ብልሃቶቹን አልበተኑም። ፓት ማሩን የተባለውን ግዙፍ ሰው አስፈረሙ፤ ባርክሌይ ጉድሮውንና ብሌክ ኮልማንን ጨመሩ። በ2020 እና በ2021 ተከታታይ ዋንጫ አነሱ።

አማቼ እዚህ ላይ «ይኸው!» አለኝ። እኔ ደግሞ «ቆይ፣ ጨርሰህ ንገረኝ» አልኩት። ከጠንካሮቹ አንዱ ኮልማን ቁመቱ 180 ገደማ ነው፤ በዚያ ሊግ ግዙፍ የሚባል አይደለም። በሁለቱም ዓመት በጥሎ ማለፉ ከማንም በላይ፣ በየዓመቱ 14 ጎል ያገባው ደግሞ ብሬይደን ፖይንት ነው። ቁመቱ 178 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ በድራፍቱም የተመረጠው 79ኛ ሆኖ ነው። ጥንካሬ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ጥንካሬ በሜትር አይለካም። ግዝፈት ጥቅም የለውም የሚልም ሞኝ ነው፤ ሞንትሪያል ራሱ በ2025 በመጀመሪያው ዙር በዋሽንግተን አራት ለአንድ ሲሸነፍ ትንንሾቹ በግጭቱ ሲፈተኑ ታይቷል። ክብደት በኋላ ሊጨመር ይችላል፤ ፓኩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማየት ግን በ22 ዓመት ለሰው አይሰጥም። እኔ መልማይ ብሆን (ማን ይቀጥረኛል!) በመጀመሪያ ጭንቅላቱንና እግሩን፣ ቀጥሎ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሳ፣ ቁመቱን ደግሞ ከወላጆቹ ቁመት ጋር እመለከት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ስለ 18 ዓመት ወጣት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ላይ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ መጋጨቱ። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ጥናት በ2010 ሲወጣ፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በሰውነት እንዲጋጩ በሚፈቀድበት በአልበርታና በማይፈቀድበት በኩቤክ ያሉትን አነጻጽሮ፣ በሚፈቀድበት ጉዳቱም የጭንቅላት መናወጡም ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑን አገኘ። በ2013 የካናዳ ሆኪ ማኅበር በዚያ ዕድሜ መጋጨትን ከለከለ። ስለዚህ 13 ላይ ይጀምራል፤ የልጆቹ ክብደት በጣም በሚለያይበት ዕድሜ መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ስለ ልጁ ደኅንነት አስቦ ቀነሰው ቢባል አልቀየመውም ነበር፤ ያለው ግን «ትንሽ ነው» ብቻ ነው። በማንኛውም ጨዋታ ራሱን የተመታ ልጅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ወይም የሆነውን መርሳት ከታየበት በዚያ ቀን ተመልሶ አይጫወትም፤ ሐኪም ይየው። ይህ ለእግር ኳስም ነው።

ከሳምንት በኋላ ደወልኩ። ለአማቼ ያልኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። የአባትና የእናትን ቁመት ደምር፣ ወንድ ከሆነ 13 ጨምር፣ ለሁለት አካፍል። እሱ 168 ነው፣ ልጄ 158፤ ለልጁ 169.5 ይመጣል። ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ይችላል። «ስለዚህ ግዙፍ አይሆንም፤ እሱን ነገር ከአሁኑ ተው» አልኩት። ዱቄቱ ቁመት አይጨምርም፤ ምሳውንና እንቅልፉን ጠብቁለት። የእድገት ሆርሞን መርፌ ሐኪም መርምሮ ጉድለቱን ወይም ሌላ የታወቀ ምክንያት ላገኘበት ልጅ ነው እንጂ ለጨዋታ አይታዘዝም። ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው ልጁ በዓመት ከ4 ሳንቲሜትር በታች ሲያድግ፣ ከነበረበት የእድገት መስመር ሲወርድ፣ ወይም ወንድ ልጅ 14 ሞልቶት የጉርምስና ምልክት ሳይታይበት ሲቀር ነው። የእኛው ባለፈው ዓመት 5 ሳንቲሜትር አድጓል፤ መስመሩን አልለቀቀም።

ከዚያ «አንተ ራስህ በስንት ዓመትህ ነው የረዘምከው?» ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። «ዘጠነኛ ክፍል ከፊት ነበር የምቀመጠው» አለ። «አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ እናቴ በአንድ ዓመት ሦስት ሱሪ ገዛችልኝ።» ይህንን ለልጁ ነግሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልነገረውም።

ልጁ አሁን መጋጨት በማይፈቀድበት በሰፈሩ ቡድን ይጫወታል። ቅዳሜ ዕለት ራሱ ደውሎልኝ ነበር፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ሁለት አግብቷል። «እማማ፣ አባባ ሦስት ሱሪ እውነት ነው?» አለኝ። የኩሽናው በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገዋል፤ የሚቀጥለውን የሚለኩት በጥር ነው።