ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችና የእኛ ሒሳብ

«ተፈጥሮ ቆሻሻዋን ራሷ ታጸዳለች» የሚለውን አባባል ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚደረጉ ውይይቶች ደጋግመን እንሰማለን። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ አሳሳችነቱም ከዚሁ ይመነጫል። ከመሬት በታች ከተቀበረ ማጠራቀሚያ ነዳጅ ሲሰርግ የሚሆነውን ብንመረምር ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል።

በነዳጅ ውስጥ ከሚገኙት መርዛማ ውህዶች መካከል ቤንዚንና ቶሉዊን ይጠቀሳሉ። እዚህ ቤንዚን የምንለው ከማደያ የሚቀዳውን ነዳጅ ሳይሆን፣ ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበትንና ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠውን ውህድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የቀለበቱ ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ተሰራጭተው ስለሚገኙ ቀለበቱ በቀላሉ አይሰበርም። አየር ባለበት አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች በኦክሲጅን እየታገዙ ይከፍቱታል። ይሁን እንጂ 1 ሚሊግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ያስፈልጋል፤ 1 ሊትር ውኃ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአየር የሚያገኘው ኦክሲጅን ከ9 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም። ስለዚህ በተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ኦክሲጅኑ ቶሎ ያልቃል።

ታዲያ ሥራው በዚያ ይቆማል ማለት ነውን? አይደለም። መተንፈስ በመሠረቱ ከምግብ የተገኘን ኤሌክትሮን ለተቀባይ ማስረከብ ነው፤ ተቀባዩም የግድ ኦክሲጅን መሆን የለበትም። ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ እንዲሁም ዝገትን የመሰለ የብረት ማዕድን ሊተኩት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴሪክ ሎቭሊና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ከፖቶማክ ወንዝ ደለል የተገኘ፣ በኋላም ጂኦባክተር ሜታሊሬዱሴንስ የተባለ ባክቴሪያ ኤሌክትሮኑን ለብረት እያስረከበ ቶሉዊንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ አሳወቁ። በ1990ዎቹ በጀርመን ታውኤራ አሮማቲካ በተባለ ባክቴሪያ ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ስልቱን ገለጠ። ባክቴሪያው ጠንካራውን ቀለበት ትቶ ከጎኑ በተንጠለጠለው ሜቲል ይጀምራል፤ ኢንዛይሙ ከሜቲሉ አንድ ሃይድሮጅን ነጥቆ በቦታው ፉማሬት የተባለ ሞለኪውል ይቀጥላል። ቀለበቱ የሚፈታው ከዚያ በኋላ በደረጃ ነው። ቤንዚን ግን እንዲህ ያለ መያዣ ስለሌለው ኦክሲጅን በሌለበት የሚፈርሰው እጅግ በዝግታ ነው።

እኛ የፊዚክስ መምህራን እዚህ ላይ ሒሳብ እንወዳለን። አንድ የቤንዚን ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ 30 ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አንድ የብረት አቶም የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው። በክብደት ሲሰላ 1 ግራም ቤንዚን ከ21 ግራም በላይ ብረት ይፈጃል። የደለል ብረት ደግሞ የማያልቅ ሀብት አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በቤሚጂ ከተማ አቅራቢያ የነዳጅ ቧንቧ ተሰብሮ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። አብዛኛው ቢነሳም ቀሪው ከርሰ ምድር ውኃ ደረሰ። ከ1983 ጀምሮ በሥፍራው የተካሄዱት ጥናቶች ባክቴሪያዎች ብክለቱን እንደሚያመነምኑትና ጉዞውን እንደሚገቱት አሳዩ። ሆኖም የደለሉ ብረት እየተሟጠጠ ሲሄድ ቤንዚኑ ወደፊት ገፋ፤ ብረቱ ሲሟሟም አብሮት ተይዞ የነበረው አርሴኒክ ወደ ውኃው ተለቀቀ። ከአርባ ዓመታት በኋላም ዘይቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

በእኛ አስተያየት ብክለትን ለባክቴሪያ መተው የሚገባው ምንጩ ከተዘጋ፣ ውኃው በየጊዜው ከተለካና በአካባቢው የሚጠጣ ሰው ከሌለ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከመጠጥ ውኃዋ ከፊሉን ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትቀዳ ከተማ ናት፤ ማደያዎቿም ነዳጃቸውን ከመሬት በታች ያጠራቅማሉ። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውኃን መለካት ከአደጋ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። ለዚህም ኤሌክትሮን የሚቆጥር የፊዚክስ ተማሪ፣ ውህዱን የሚለይ የኬሚስትሪ ተማሪና ባክቴሪያውን የሚያራባ የባዮሎጂ ተማሪ በአንድ ቤተ ሙከራ መገናኘት ይኖርባቸዋል። ባክቴሪያዎቹ ድርሻቸውን ይወጣሉ፤ ሒሳቡን መያዝ ግን የእኛ ፈንታ ነው።