ይውረድ የሚባለው አበባው ነው ወይስ ውኃው?



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ በየበረንዳው የተንጠለጠሉ አበቦች ሁሉ ይውረዱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ብዙ ካነጋገረ በኋላ ለሚቀጥለው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። የቀረበውም ምክንያት «ቢንቢ ያራባሉ» የሚል ነበር። እኔም ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የበኩሌን ለማለት ይህችን ጽሑፍ በሰሌዳችን ላይ እንድትለጠፍልኝ ጠይቄአለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ሐሳቡን ያቀረቡት እናታችን በክፋት አልተናገሩም። በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን ባመሰ ጊዜ መገጣጠሚያቸው ተይዞ ለወራት በዱላ ሲሄዱ አይተናል። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ደንጌ ገብቶብን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባው ተነሣብን። እንግዲህ የድሬ ሰው ቢንቢን ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንለይ። የደንጌንና የቺኩንጉንያን ሕመም የምታዛምተው ቢንቢ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ በቀን የምትናከስ ናት። እሷ የምትፈልገው አበባ ሳይሆን በዕቃ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። እንደኛ ባለ ሙቀት አገር እንቁላሏ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በከተማ ወባ የምታስተላልፈውና አገራችን ውስጥ መኖሯ በ2009 ዓ.ም. የታወቀው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ በርሜልና የውኃ ታንከር ትወዳለች። ታዲያ አበባውን አውርደን ክዳን የሌለውን በርሜል ከነውኃው ብንተወው ምን ሠራን ይባላል? ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ ውኃ ማጠራቀማችን የግድ ነው፤ መክደኑ ግን አያቅተንም።

ደግሞስ አበባው የሚሰቀለው ለጌጥ ብቻ ነው እንዴ? መሬት ላይ የተተከለውን ፍየል አይምረውም። ከግቢያችን ጥበት የተነሣም አፈር ያለው ቤት ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያቃጥል በረንዳ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ ነገር ማየት ለሰው ዕረፍት ነው። ይህን ከአረጋውያኖቻችን አንንጠቅ እላለሁ።

ይልቁንስ ችግሩ ያለው ከአመራረጣችን ላይ ነው። ገበያ ስንወጣ የመትከያውን ፊቱን እንጂ ሥሩን አናይም፤ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ማለት ነው። ስለዚህ ተንጠልጣይ መትከያ የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ቀዳዳ ከሌለው አትግዙ፤ ከገዛችሁም ብሱት። ፕላስቲክ ከሆነ የጋለ ሚስማር ይበቃዋል። ከሥሩ ሳሕን የተገጠመለት ከሆነ ሳሕኑን ንቀሉት። አልነቀል ካለ እስከ አፉ ድረስ አሸዋ ሙሉበት፤ ውኃው አሸዋው ውስጥ ይገባል እንጂ ከላይ አይተኛም።

ሁለተኛ፣ ከምን እንደተሠራ እዩ። ሸክላ ያምራል፣ ይተነፍሳልም፤ ግን ይከብዳል፣ በእኛ ሙቀትም ቶሎ ይደርቃል። ጣሳ በፀሐይ ግሎ ሥሩን ይቀቅለዋል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ርጥበትም ያቆያል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ከከረመ ይሰባበራልና ጥላ ያለበት ቦታ ይሰቀል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን አስቡ። አምስት ሊትር የሚይዝ ዕቃ አፈር ሞልቶ ውኃ ሲጠጣ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ይህ በአንድ ቀጭን ሚስማር የሚያዝ ነገር አይደለም። ከጣሪያው እንጨት ወይም ከቢሙ ላይ መንጠቆ ይታሰርለት። ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሚስማሩ ውሎ አድሮ ይላላል። ሲባጎም ፀሐይና ውኃ ሲፈራረቅበት ይበጠሳል፤ ሽቦ ወይም ሰንሰለት ይሻላል። ከበር በላይና ልጆች ከሚጫወቱበት በላይ ከቶ አይሰቀል።

አራተኛ፣ ቁመቱን ለኩ። እጃችሁ የማይደርስበትን፣ ዐይናችሁም ውስጡን የማያየውን አትስቀሉ። የማይታየው ነው ተረስቶ ውኃ የሚቋጥረው። ሲጠጣም አውርዳችሁ አጠጡት፤ ተንጠፍጥፎ ሲያበቃ መልሱት።

ጠርሙስ ውስጥ በውኃ ብቻ ሐረግ የምታሳድጉ ደግሞ አላችሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የምሰጋው ይህን ነው። ውኃው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደፋ፤ ጠርሙሱም ውስጡ በደንብ ይፈተግ። መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የቢንቢዋ እንቁላል ከዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ መቆየት ይችላልና፣ ውኃ እንዳገኘ ይፈለፈላል። የምትችሉ ግን ሥር ሲያወጣ ወደ አፈር አዛውሩት።

ስለ ተክሉም አንዲት ቃል ልጨምር። ቅጠሉ ልብ የሚመስለውና ቢጫ ጣል ጣል ያለበት፣ ፖቶስ የሚባለው ሐረግ ጥላ ይችላል፣ ውኃ ቢዘገይበትም ይታገሣል። ሆኖም ቅጠሉን ሕፃን ቢያኝከው አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ስለዚህ ሲረዝም ይከርከም፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን ሆኖ ልጆቹን በክር ላይ የሚያንጠለጥለውን፣ ክሎሮፊተም የተባለውን ቢተክል ይሻላል። እሱ መርዝ የለውም።

በመጨረሻም ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አበቦቹ ይቆዩ። በምትኩ ዘወትር እሑድ ጠዋት እያንዳንዱ ቤት ለግማሽ ሰዓት በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ አሮጌ ጎማውንና የአበባ መትከያውን ይፈትሽ። ይህ ተሞክሮ ቢንቢው ካልቀነሰ ግን የእኔን በረንዳ ከሁሉ በፊት እኔው ራሴ አራግፋለሁ።

እስከዚያው መትከያውን ለመብሳት የተቸገረ ቢኖር ይጥራኝ። ሚስማሩን አግዬ እመጣለሁ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉ።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ