በአያቶችህ ቤት ደባል ሆነህ እስከ መቼ?

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ጉለሌ፣ የእንጨት በረንዳ ካለው አሮጌ ቤት አንድ ክፍል ተከራይተህ የምትኖር ወንድሜ፣ ዛሬ ወሬዬ ካንተ ጋር ነው። አንተ ስል አንቺንም ማለቴ ነው።

የካቲት 23 ሲመጣ ሁላችንም ፕሮፋይላችንን በምኒልክና በጣይቱ ፎቶ እንቀይራለን። ጥሩ ነው፣ እኔም እቀይራለሁ። ግን ያ ትውልድ ከአድዋ ተመልሶ ከተማ ሲገነባ የሠራውን ደረጃ በየቀኑ የምትወጣው የምትወርደው አንተ ነህ። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የምትደቅነውም አንተ ነህ። ታዲያ ስለ ቅርስ ሲወራ አንተን የሚጠይቅህ ሰው አለ?

እነዚህን ቤቶች አገሬው ከሕንድና ከአርመን ግንበኞች ጋር ሆኖ ነው የሠራቸው። ድንጋይና ጭቃው የእኛ፣ የበረንዳው ጥርብ እንጨት ከሩቅ የመጣ ጥበብ። ዘመናዊ ለመሆን ማንነታችንን መጣል እንደሌለብን እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። «የመኳንንት ቤት ነው፣ ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። መኳንንቱ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው! ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ድሃው መጠለያ አገኘ፣ ይሄ የማይካድ ነው። ግን በዚያች የሳንቲም ኪራይ ማን ጣሪያ ይቀይራል? ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ተከፋፈለ፣ በአንድ ቤት ብዙ አባወራ ገባ፣ በረንዳው ኩሽና ሆነ።

አንተ ደግሞ ከእነዚያ አባወራዎች በአንዱ ሥር የገባህ ደባል ነህ። የቀበሌ ቤትን ለሌላ ማከራየት ክልክል ስለሆነ በየወሩ ለምትከፍለው ብር ደረሰኝ የለህም። ሰው ሲጠይቅህ «የአክስቴ ልጅ ነው» ተብለሃል አይደል? አልስቅብህም፣ ደመወዝ የማይችለው ኪራይ ነው እዚያ ያስገባህ። ግን በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ምን እንደሆነ አስታውስ። የቀበሌ ቤት ውል ያላቸው ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ቀረበላቸው። ደባሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ወረቀት ላይ ስሌለ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ወረቀት የሌለው ሰው የሚኖርበት ቤት ለማፍረስ ይቀላል። የሚከራከርለት ባለውል የለማ! ስለዚህ «ቅርሳችን ይጠበቅ» የምንል ወጣቶች ጩኸታችን ከሐውልት ወርዶ ወደ ተከራዩ ውል መምጣት አለበት። ደባሉም እንደ ነዋሪ ተቆጥሮ ይመዝገብ ብለን እንጠይቅ።

የምትኖርበት ቤት የግል ከሆነ ግን ሰበብ የለህም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የስድስት ወር በአንዴ አምጣ የሚልህን አከራይ በትሕትና አዋጁን አሳየው። ማዘር ከሆኑ ደግሞ ቡና ላይ ቁጭ ብለህ አንብብላቸው፣ እሳቸውም ብዙ ጊዜ አያውቁትም።

እና ቤቱን አትጉዳው። ከአንድ ሶኬት ምጣድም ሂተርም አትቀጥል፤ አንጋፋው ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 እሳት ሲበላው አይተናል፣ አሮጌ እንጨት ጊዜ አይሰጥም። በረንዳው ላይ ከሰል አታቀጣጥል። የበሰበሰ ሳንቃ ነቅለህ በላሜራ ከመተካትህ በፊትም ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን አጣራ፤ የተመዘገበን ቅርስ ለማደስ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አልተመዘገበም? እንግዲያው ቅዳሜ ሥራ አለህ። ደረጃውን፣ በሩን፣ ጣሪያውን በስልክህ አንሳ። የግቢውን ትልቅ ሰው ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደኖረበት ጠይቀህ ጻፍ። ሰኞ ጠዋት ይመዝገብልን የሚል ማመልከቻ ከጎረቤቶችህ ፊርማ ጋር ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አስገባ። ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ሳትይዝ ግን ከቢሮው እንዳትወጣ።