ሰዓት በምረቃ አይጸናም

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በኡጄን ከተማ የቆመውን "የቬዳ ሰዓት" መረቁ። ሰዓቱ ዕለቱን ከፀሐይ መውጫ እስከ ቀጣዩ የፀሐይ መውጫ ይቆጥራል፤ የሚከፍለውም በ24 ሳይሆን በ30 ሙሁርታ ነው። አንዱ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ደጋፊዎቹ ነገሩን ቅኝ ገዢ ከጫነው ሰዓት ወደ ራስ መመለስ አድርገው ያዩታል።

ኩራቱ መሠረት የለውም አይባልም። በጥንቱ የሕንድ ሥነ ፈለክ የኬንትሮስ መነሻ ኡጄን ነበረች። ሊቃውንቱ ዕለቱን እያንዳንዱ 24 ደቂቃ በሆነ 60 ጋቲ ከፍለውታል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህ አይገርመውም፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ዕለቱን በ60 ኬክሮስ ይከፍላሉ።

ነገር ግን በሕንድ ምሥራቅ ጫፍ ፀሐይ ስትወጣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራታል። ከፀሐይ መውጫ የሚነሳ ሰዓት እንግዲህ በየከተማው ይለያያል ማለት ነው። ባቡር በዚህ አይሄድም። ኢትዮጵያዊው ጠዋት "አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ" ብሎ የሚግባባው ቆጠራው ከንጋት ስለጀመረ ብቻ አይደለም፤ መነሻው ለመላው አገር አንድ ስለሆነ ነው።

የሕዝቡ እውነተኛ ራስ ምታት ደግሞ ሰዓቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። በዓላት የሚወጡት ቲቲ በሚባለው የጨረቃ ቀን ነው። ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ይሞላል። ርዝመቱ ከ19 እስከ 26 ሰዓት ገደማ ስለሚዋዥቅ ከተራው ቀን ጋር አይገጥምም። በ2024 የዲዋሊ ጨለማ ጨረቃ ኦክቶበር 31 ከሰዓት በኋላ ገብቶ ኖቬምበር 1 ምሽት ላይ ወጣ። ገሚሱ በመጀመሪያው ቀን፣ ገሚሱ በማግስቱ አከበረ።

መንግሥት ይህን መልክ ለማስያዝ ከዚህ በፊት ሞክሯል። በ1952 በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በአገሪቱ 30 ያህል የዘመን አቆጣጠሮችን መረመረ። ማርች 22 ቀን 1957 አንድ ብሔራዊ የቀን መቁጠሪያ ታወጀ። ዛሬም በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፤ ሰርግ የሚደግሰው ቤተሰብ ግን ቀን የሚያስቆርጠው እንደ ድሮው በሰፈሩ ፓንቻንጋ ነው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በሳይንስ የተመሰከረለት አዋጅ እንኳ ሰው ካልኖረበት ወረቀት ላይ ይቀራል። በምረቃ ብቻ የቆመ ሰዓትም ዕጣው ከዚህ አይሻልም። ለቅርሱ የሚቆረቆር መንግሥት አስቀድሞ ፓንቻንጋ አዘጋጆቹን ከሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ጋር አስቀምጦ የበዓላቱን ቀን ከዓመት በፊት ቢያስማማ ይሻለው ነበር። ነጋዴው ሱቁን፣ ሠራተኛው ዕረፍቱን፣ እናት ድግሷን የምታዘጋጀው በዚያ ነውና።