ሩዝ ከሱቅ ወይስ በቆሎ ከገበሬ?

ለዛሬ የመረጥኩት የአንዲት ባለትዳር እህታችንን ደብዳቤ ነው። የሰፈራቸው እድር በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ለማሰባሰብ ወስኖ፣ እያንዳንዱ አባል 5 ኪሎ ሩዝ እንዲያመጣ ታዟል። አባቷ ደግሞ ቡሬ አካባቢ በቆሎ ያመርታሉ። የማዳበሪያ ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ጥር ላይ ምርታቸውን በርካሽ ሸጠዋል። «የአባቴ በቆሎ በርካሽ እየሄደ እኔ የውጭ አገር ሩዝ ገዝቼ ልለግስ?» ትላለች። በስብሰባ ላይ እንዳትናገር ግን ባሏ «ስስታም ያስብልሻል» ብሎ ከልክሏታል።

እህቴ፣ ይሄ ስስት አይደለም። የተራበ ሰው ዛሬ መብላት አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ያው ብር የተራበውንም ገበሬውንም መርዳት ከቻለ ለምን አንዱን ብቻ ይርዳ?

በ1994 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ሁለት ዓመት በተከታታይ በቆሎ ጥሩ ተመረተና ገዢ ጠፋ። ዋጋው ክፉኛ ስለወደቀ ብዙ ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ለቀጣዩ ዘርም ማዳበሪያ ቀነሰ። በላዩ ላይ ድርቅ ተጨመረና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ጥጋብ ላይ ገዢ ያጣ ገበሬ ለክፉ ቀን የሚሆን አቅም አይኖረውም።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ እጅሽን አውጪና በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ በሩዙ ምትክ የሩዙን ዋጋ ብናዋጣስ?» ገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ይሰብስብ፤ ሁለት አባላት ይቆጣጠሩ። ከዚያ እህሉ ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይገዛ። ግዢው ምርት ከተረፈበት አካባቢ ይሁን፤ ድርቅ ከመታው ወረዳ ገበያ በብዛት ከተገዛ እዚያ ያለው ድሃ ይወደድበታል።

በአገራችን ለእርዳታ ሲሰጥ የኖረው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። ስለዚህ 1 ኩንታል ለ6 ሰው አንድ ወር ያደርሳል። እህሉ በደንብ የደረቀና ነቀዝ ያልነካው መሆኑን እዩ። መድኃኒት የተቀባ የዘር እህል ግን በጭራሽ ለምግብ አይሰጥም። ወፍጮ በሌለበት ቦታ እህል ብቻውን ስለማይበላ፣ ምን እንደጎደለ አስቀድማችሁ የወረዳውን ሰዎች ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ! የአባትሽን ስም እንዳታነሺ። «ለቤተሰቧ ልትሸጥ ነው» የተባለ ቀን ጥሩው ሐሳብ ሁሉ ገደል ይገባል። የእሳቸውን ምርት ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በማኅበራቸው በኩል እንዲሸጡ አንቺው ምከሪያቸው።

እድሩ እምቢ ቢልስ? ሩዝሽን ይዘሽ ሂጂ። የተራበው ወገን የእናንተን ስምምነት እስኪጠብቅ አይቆይም።