ማጣሪያውን ያላየ ገዢ ዋጋውን አያውቅም

በነቀምቴ ቡና የሚነግድ ሰው ናሙና ሳያይ ለፈረሱላው ዋጋ አይቆርጥም። ያው ነጋዴ የቤንዚን አውቶሞቢል ሲገዛ ግን ቀለሙን፣ የጎማውን ጥርስና የሞተሩን ድምፅ አይቶ ከሻጩ ጋር እጅ ይማታል። በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ይህ ልማድ ገንዘብ ያስበላል። ምክንያቱም አንዳንዶቹ በዓይን የማይታይ፣ በጆሮም የማይለይ ውድ ዕቃ ይዘዋል፤ የጭስ ቅንጣት ማጣሪያ ይባላል።

ነገሩን የገበያ ጉዳይ ያደረጉት ሁለት የመንግሥት እርምጃዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ገዢውን ወደ አዳዲስ ሞዴሎች ገፋው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አዲስ አቅርቦት ሲቆም አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አይቀርም። በእያንዳንዱ ሽያጭም ያለፈው ባለቤት የሸሸው የጥገና ወጪ ለተከታዩ ይተላለፋል።

ማጣሪያው ምንድን ነው? ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ይሁንና እጅግ የደቀቀ ጥላሸት ያወጣሉ። አውሮፓ ለዚህ ጥላሸት ያወጣችውን ገደብ አጥብቃ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ተግባራዊ አደረገች። ፋብሪካዎችም ከሞተሩ በኋላ፣ ከማርሚታው በፊት፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ የሸክላ ማጣሪያ በብዛት መግጠም ጀመሩ። በየከተማው የሚታዩት የቆዩ ቪትዝና ኮሮላዎች ይህ ዕቃ የላቸውም። ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው ከዚያ ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩትን ነው።

ማጣሪያው በደህና ጊዜ ራሱን በራሱ ያጸዳል። ጭሱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ሳለ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሳ፣ አየር ወደ ማጣሪያው ይዘልቅና የተጠራቀመው ጥላሸት ይቃጠላል። ከነቀምቴ ወደ ባኮ ወይም ወደ ግምቢ ረዥም መንገድ የሚወጣ መኪና ይህን ዕድል ያገኛል። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ባንክ እየተመላለሰ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ የሚጠፋው ግን ጥላሸቱን ሲከምር ይውላል። አልፎ አልፎ ከከተማ ማውጣት ለዚህ ዓይነቱ መኪና ሽርሽር ሳይሆን ጥገና ነው።

ጥላሸት ይቃጠላል፤ አመድ ግን አይቃጠልም። አመዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሞተር ዘይት ስለሆነ፣ በመኪናው መመሪያ የታዘዘውን አመዱ ያነሰ ዘይት ትቶ የተገኘውን መሙላት በጥቂት መቶ ብር ቁጠባ ትልቅ ኪሳራ መግዛት ነው። ዘይት የሚበላ ሞተርም ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። የደከመ ካንዴላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማጣሪያው ልኮ እዚያው ሊያነደውና ሸክላውን ሊያቀልጠው ይችላል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት የሚመሰክር የለም።

እርግጥ ነው፣ «ቆርጦ ማውጣት ይሻላል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፣ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር ባለንብረትም ማግኘቱ ቀላል አይሆንም። ነገር ግን ማጣሪያው ሲወጣ የመኪናው ኮምፒውተር ያውቃል፤ መብራት ያበራል፤ መብራቱን ለማጥፋት ፕሮግራሙ ይነካካል። ቀጣዩ መካኒክ በተነካካ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ብልሽት መፈለግ ይቸገራል። የወጣው ጥላሸትም የሚገባው በነቀምቴ ሰው ሳንባ ነው።

መፍትሔው ያለው በዋጋ ድርድሩ ላይ ነው። ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መኪናው ማጣሪያ አለው ወይ፣ አልተነካም ወይ፣ ምን ዘይት ሲሞላለት ኖረ ብሎ ይጠይቅ፤ በኮምፒውተርም ያስመርምር። የታፈነ ወይም የወጣ ማጣሪያ ካለ የመተኪያው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ። ደላላውም ይህን ቢደብቅ ኮሚሽኑን ያገኛል፤ ደንበኛውን ግን ያጣል። በትንሽ ከተማ ደግሞ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

ገበያው ለማጣሪያው ዋጋ ከሰጠው ባለቤቱ ይንከባከበዋል፤ ዋጋ ከነፈገው ግን ቆርጦ ይጥለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።